‹‹ነባሩ አሠራር በእጅ የሚሠራ ነው››

በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ወጣቶች የሚጽፉት፣ ከጸሐፊዎቹ ሌላ ማንም ቁጭ ብሎ የማያነበው የጽሑፍ ዘውግ አለ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሪፖርት ነው፤ በግቢ ቋንቋ ‹‹ዶክመንቱ››። ስለ ልብ ወለድ እንከራከራለን፣ ስለ ግጥም ምሽት እንነታረካለን፣ ስለ ትርጉም ሥራ እንነካከሳለን። ኮምፒዩተር ሳይንስ ወይም ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ለተማረ ሰው ግን በዕድሜው ከሚጽፈው ሁሉ ረጅሙ ብዙ ጊዜ ይሄው ነው፦ 80 ገጽ፣ 100 ገጽ፣ ሲብስበት 150፣ በጠንካራ ልባስ የተጠረዘ፣ ፊቱ ላይ ወርቅማ ጽሑፍ የታተመበት። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወት ኢሜይልና የቴሌግራም መልእክት ነው። አንድ ትውልድ ረጅሙን ጽሑፉን እንዴት እንደሚጽፍ መመርመር የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ ካልሆነ የትኛው እንደሚሆን እንጃ።

እኔ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። መሥሪያ ቤቴ አዲስ ተመራቂ ሊቀጥር ሲል ከሲቪው ጋር ዶክመንቱን አያይዞ የሚልክ ብዙ ነው፤ የሰፈር ልጆችም ‹‹ወንድሜ፣ አንዴ እየውማ›› ብለው ይልካሉ። ስለዚህ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ጤነኛ ሰው ከሚያነበው በላይ ሳይሆን አይቀርም። የማወራው ስለ ሶፍትዌሩ ዘርፍ ነው። የሲቪልና የመካኒካል ልጆች የራሳቸውን ጉድ ራሳቸው ይጻፉ።

ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው። ምዕራፍ አንድ ሲከፈት ዓለም በቴክኖሎጂ እየረቀቀች ነው። ቀጥሎ አንድ መሥሪያ ቤት ብቅ ይላል፤ ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ ቀበሌ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የተማሪዎች ዶርም። ከዚያ ክፉው ገጸ ባሕርይ ይገባል። ስሙ ‹‹ነባሩ አሠራር›› ነው፤ ወንጀሉ ‹‹በእጅ የሚሠራ›› መሆኑ። በእጅ ስለሚሠራ ጊዜ ይፈጃል፣ ወረቀት ያባክናል፣ መረጃ ይጠፋበታል፣ ለስሕተት ይጋለጣል፣ ደኅንነቱም አስተማማኝ አይደለም። እነዚህ አምስት ክሶች በነጥብ በነጥብ ይደረደራሉ። ተከሳሹ የመከላከያ ምስክር አይጠራም። በመጨረሻ ጀግናው ይመጣል፦ ‹‹የቀረበው ሲስተም››። ፈጣን ነው፣ አስተማማኝ ነው፣ ለአጠቃቀም ቀላል ነው። ምዕራፍ ስድስት ላይ ያሸንፋል፤ ገና ማንም ሳይጠቀምበት።

አንድ ቀላል ፈተና ልስጣችሁ። ያገኛችሁትን ዶክመንት ምዕራፍ አንድ ክፈቱና ‹‹ሆስፒታል›› የሚለውን ሁሉ በ‹‹ሆቴል›› ተኩት፣ ‹‹ታካሚ››ን በ‹‹እንግዳ››፣ ‹‹ካርድ››ን በ‹‹መኝታ ክፍል››። ወርድ ይህን በደቂቃ ይጨርሰዋል። አሁን አንብቡት። ከዓረፍተ ነገሮቹ አንዱም ካልተናጋ ጽሑፉ ድሮውንም ስለ ሆስፒታል አልነበረም ማለት ነው።

ጉዳዩ ስንፍና ብቻ ቢሆን እዚህ መጥቼ አልጽፍም ነበር። የሚቆጨኝ ልጆቹ እውነትም ሆስፒታሉ ድረስ መሄዳቸው ነው። ከዲፓርትመንቱ የትብብር ደብዳቤ አጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው፣ ሁለት ሦስት ቀን ‹‹ነገ ኑ›› ተብለው፣ በስንት ልምምጥ ካርድ ክፍል ገብተው ከሠራተኛዋ አጠገብ ተቀምጠዋል። አይተዋል። ያዩት ነገር ግን ዶክመንቱ ውስጥ የለም። በቦታው ‹‹መረጃው በቃለ መጠይቅና በምልከታ ተሰብስቧል›› የሚል አንድ መስመር ተቀምጧል።

ካርድ ክፍል ውስጥ ምን ይታያል? መጀመሪያ ስም ይታያል። የኛ ስም ደግሞ ለዳታቤዝ ቀላል ነገር አይደለም። ‹‹ኃይለሥላሴ››ን ውሰዱ። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ ስድስቱም በአማርኛ አፍ አንድ ድምፅ ናቸው። ቀጥሎ ሥ ወይም ስ፤ መጨረሻው ላይ ሴ ወይም ሤ። 6 በ2 በ2 ሲባዛ 24 አጻጻፍ። ‹‹ኃይለ›› እና ‹‹ሥላሴ››ን ነጣጥሎ የሚጽፍ አለ፣ አገጣጥሞ የሚጽፍ አለ፤ ስለዚህ 48። ለሰው ይሄ ሁሉ አንድ ሰውዬ ነው፤ ለኮምፒዩተር 48 የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተት እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አገኘ። ቁጥሩ ሀ እና ኀ በአፍ አንድ መሆናቸውን አያውቅም። በፊደል ተራ ሲደረደሩም ሀ መጀመሪያ ላይ፣ ሐ ሦስተኛ፣ ኀ ደግሞ ከቸ ቀጥሎ ነው የሚመጡት፤ ያው ሰውዬ በሦስት ሩቅ መደርደሪያ ላይ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው።

የካርድ ክፍሏ እትዬ ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። በሀ ያጡትን በኀ ይፈልጋሉ። ከዚያ ‹‹የአያትህ ስም ማን ነው?›› ይላሉ። ካልሆነ ‹‹በክርስትና ስምህ ተመዝግበህ ይሆን?›› ይላሉ። ካልሆነ ‹‹ባለፈው የመጣኸው ከማን ጋር ነበር?›› ይላሉ፤ ምክንያቱም እናቱ አምጥታው ከሆነ ስሙን ያስመዘገበችው እሷ ናት፣ በምታውቀው አጠራር። ይህ በእጅ የሚሠራ ሥራ አይደለም። የፍለጋ ስልት ነው፤ አማራጮቹ በቅደም ተከተል የተደረደሩ፣ ከየትኛው መጀመር እንደሚያዋጣ በልምድ የተመዘነ። ተማሪዎቹ በዳታ ስትራክቸር ኮርስ ላይ ሲያሳድዱት የከረሙት ነገር እፊታቸው ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ነበር።

ዶክመንቱ ላይ ሲደርስ ምን ሆነ? ‹‹በነባሩ አሠራር ካርድ መፈለግ ጊዜ ይወስዳል›› ሆነ። የቀረበው ሲስተም ላይ ደግሞ ‹‹ፈርስት ኔም›› እና ‹‹ላስት ኔም›› የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ተሠሩ። የአባት ስም የቤተሰብ መጠሪያ ሆነ፤ የአያት ስም የሚገባበት ጠፋ። አበበ ከበደን አበበ ከበደ ከሚባል ሌላ ሰው የሚለየው ግን ያ ሦስተኛ ስም ነበር።

የልደት ቀኑ ይባስ። ሳጥኑን ስትነኩት 12 ወር ያለው ካሌንደር ይዘረጋል። ጳጉሜን 3 የተወለደች ሕፃን እናት የቱን ወር ትንካ? ኋላ ቀር የተባለው መዝገብ እኮ 13ኛ ወር ነበረው። ዕድሜ የሚለው ዓምድም ‹‹ወደ 60 ግድም›› የሚል ጽሑፍ ያለ ምንም ቅሬታ ይቀበል ነበር፤ ልደታቸውን በቀን የማያውቁ አዛውንት ስላሉ። አዲሱ ሲስተም ቀን፣ ወርና ዓመት ካልተሞላለት አላሳልፍም ይላል፤ ጸሐፊዋም ሰውየው እንዲያልፍ ስትል ጥር 1 ትሞላለታለች። እንግዲህ የትኛው ነው ‹‹ለስሕተት የተጋለጠው››?

ቃለ መጠይቁ የተካሄደው በአማርኛ ነው፤ እንደ ቦታው በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በሲዳምኛ። ዶክመንቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በመሀል የወደቀውን የሚቆጥር የለም። አንድ ቃል ብቻ ላንሳ፦ ‹‹ባለጉዳይ››። ይህ ቃል ዶክመንቱ ውስጥ ‹‹ከስተመር›› ይሆናል። ከስተመር ገንዘብ ከፍሎ ዕቃውን ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። ባለጉዳይ ግን ጉዳዩ የራሱ፣ ፊርማው የሌላ ሰው የሆነበት ሰው ነው፤ ፈራሚው ከስብሰባ እስኪመለስ ኮሪደር ላይ ይጠብቃል። ዩዝ ኬዝ ሥዕሉ ላይ ይሄ ሰው ጭንቅላቱ ክብ፣ እጅና እግሩ ጭረት ሆኖ ይሳላል፤ ‹‹ሎግ ኢን›› ከተጻፈበት ሞላላ ክብ ጋር በመስመር ይያያዛል። ኮሪደሩ የለም፤ ‹‹አለቃው ስብሰባ ናቸው›› የሚባለውም የለም። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ችግር ግን ምናልባት እሱ ነበር።

አንዳንዴ የጠፋው ቃል ቀጥታ የፕሮግራም ስሕተት ይወልዳል። ንብረት ክፍል ‹‹ሞዴል 19›› እና ‹‹ሞዴል 22›› የሚባሉ ሰነዶች አሉ፤ አንዱ ዕቃ ገቢ የሚደረግበት፣ ሌላው ወጪ የሚደረግበት። ሁለቱንም ‹‹ሪሲት›› ብሎ የተረጎመ ቡድን አይቻለሁ። አንድ ሠንጠረዥ ሠርተው ሁለቱንም እዚያው ከተቷቸው። የገባና የወጣ ንብረት አንድ ቦታ ተደባለቀ፤ ሪፖርቱ ላይ ግን ‹‹ትክክለኛነትን ያረጋግጣል›› ተብሏል።

እንግሊዝኛውን ብቻ ግን ጥፋተኛ አላደርገውም። የዶክመንቱ ግሶች፣ ‹‹ተሰብስቧል››፣ ‹‹ተተንትኗል››፣ ‹‹ተነድፏል››፣ ከኛም ቢሮ የመጡ ናቸው። ‹‹ተገቢው እርምጃ ተወስዷል›› የሚል ደብዳቤ እያነበብን ነው ያደግነው። ማን ወሰደ? አይጠየቅም። አምስት ልጆች ያሉበት ቡድን ውስጥ አንዱ ኮዱን ሙሉውን ይጽፋል፣ አንዷ ዶክመንቱን ታዘጋጃለች፣ አንዱ ሥዕላዊ መግለጫዎቹን ይሥላል፣ አንዱ የፕሪንት ብር ያዋጣል፣ አምስተኛው በዲፌንሱ ቀን ሱፍ ለብሶ ይመጣል። ሁሉም ‹‹የፕሮጀክቱ ቡድን›› ይባላሉ። ግሱ ባለቤቱን ሲደብቅ ሱፍ ለባሹ ይጠቀማል፤ ሌሊቱን ያነጋችው ልጅ ስሟ ሽፋኑ ላይ በፊደል ተራ አራተኛ ነው።

ወደ ጊዜው እንምጣ። ዶክመንቱ እንደሚለው መጀመሪያ ፍላጎት ተሰበሰበ፣ ቀጥሎ ተተነተነ፣ ከዚያ ተነደፈ፣ ከዚያ ኮድ ተጻፈ፣ በመጨረሻ ተፈተሸ። ግቢ የነበረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እውነት ደግሞ ይሄ ነው፦ ኮዱ ቀድሞ ተጻፈ (ከፊሉም ከሲኒየር ፕሮጀክት ተወረሰ)፣ ሥዕሎቹ ከዲፌንሱ በፊት ባለው ሳምንት ከኮዱ ተቀዱ፣ ፍላጎቶቹ ደግሞ ከሥዕሎቹ ተቀዱ። ዶክመንቱ ወደፊት ይነበባል፤ የተጻፈው ግን ወደ ኋላ ነው።

ይሄ የኛ ብቻ በሽታ አይደለም። እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ፒተር ሜዳዋር እ.ኤ.አ. በ1963 በቢቢሲ ሬዲዮ ባደረገው ንግግር ሳይንሳዊ ጽሑፍ ራሱ ማጭበርበር ነው ወይ ብሎ ጠይቋል። ውጤቶቹ ውሸት ናቸው ማለቱ አልነበረም፤ የጽሑፉ ቅርጽ ሐሳቡ በእውነት እንዴት እንደተወለደ ያዛባል ነው ያለው። በየዶክመንቱ የሚሳለው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የሳጥን ደረጃም የራሱ ምፀት አለው። ሥዕሉ የሚነሣው ዊንስተን ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1970 ካወጣው ጽሑፍ ነው። ሮይስ ግን ሳጥኖቹን ከሣለ በኋላ በዚህ መልክ ብቻ መሥራት አደገኛ እንደሆነ አስጠንቅቆ፣ ሥራው ሁለቴ ቢሠራ ይሻላል እስከማለት ደርሷል። ‹‹ዋተርፎል›› የሚለውን ስም እንኳ እሱ አልተጠቀመበትም። የዛሬ ልጆች ‹‹አጃይል ተጠቅመናል›› ይላሉ፤ አንድ አንቀጽ ይለወጣል፣ ሌላው እንዳለ ይቀጥላል።

የኔ ክስ ግን ቅደም ተከተሉ መስተካከሉ ላይ አይደለም። ዴቪድ ፓርናስና ፖል ክሌመንትስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጽሑፍ የዲዛይን ሰነድ ሥራው በሥርዓት የተከናወነ ይመስል መጻፉ ተገቢ ነው ብለው ተሟግተዋል፤ አንባቢ የጸሐፊውን መባከን በሙሉ መከተል የለበትም። እስማማለሁ። እነሱ ግን አንድ ግዴታ ጨምረዋል፦ የታሰቡት ሌሎች አማራጮች ለምን እንደተጣሉ ሰነዱ ይመዝግብ። የኛ ዶክመንት ማስመሰሉን ወሰደ፣ ግዴታውን ተወ። ‹‹የአያት ስም ሳጥን እናስገባ ወይስ አናስገባ?›› ተብሎ ዶርም ውስጥ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የተደረገው ክርክር፣ ማን ምን እንዳለና በምን እንደተዘጋ፣ ከመቶ ገጽ አንድ ገጽ አያገኝም። እኔ አንድ ተመራቂ ማሰብ መቻሉን የማውቀው ግን ከዚያች ገጽ ነበር።

ስለ ኢኮኖሚያዊ አዋጭነት የሚያወራውን ክፍል ሰው ይዘለዋል። እኔ እወደዋለሁ። ወረቀት አንድ ደስታ፣ እስክሪብቶ፣ ፍላሽ፣ ፕሪንት፣ ጥረዛ፣ ትራንስፖርት፤ እያንዳንዱ ከነዋጋው። የአምስት ሰው የወራት ድካም ግን በሠንጠረዡ ውስጥ ዜሮ ብር ነው፤ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይጠቀስም። ከግርጌው ‹‹ስለዚህ ፕሮጀክቱ አዋጭ ነው›› ይላል። በእርግጥም፤ የሰው ጉልበት ነፃ ከሆነ ፒራሚድም አዋጭ ነው።

እውነት በስሕተት የሚያመልጥበት ሌላው ቦታ ‹‹ያጋጠሙ ችግሮች›› የሚለው ክፍል ነው። ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ የጊዜ እጥረት፣ የመብራት መቆራረጥ፣ የኢንተርኔት አለመኖር። በ2012 እና በ2013 የተጻፉትን ስታነቡ ግን ይህቺ ግማሽ ገጽ ትከብዳለች። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ተላኩ፤ ቡድኑ በአንድ ቀን ውስጥ ከአንድ ዶርም ወደ አምስት ከተማ ተበተነ። በሰኔ መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት ቆየ። በጥቅምት 2013 ጦርነት ሲጀመር በትግራይ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተዘጋ፤ እዚያ ያለ የቡድን አባል መኖር አለመኖሩን እንኳ መጠየቅ አልተቻለም። ይህ ሁሉ ዶክመንቱ ውስጥ ሲገባ ‹‹የኢንተርኔት አለመኖር›› ሆኖ፣ ከ‹‹ጊዜ እጥረት›› ቀጥሎ በነጥብ ሁለተኛ ተቀምጧል። አንድ ትውልድ ያሳለፈውን ለመናገር ከመቶ ገጽ ውስጥ የተፈቀደለት ሁለት ቃል ነበር፤ እሱንም በቁጥብነት ተጠቀመበት።

አሁን ሰው ሁሉ ቻትጂፒቲን ይከሳል። ‹‹ልጆቹ ዶክመንቱን በማሽን እያስጻፉ ነው››። ያስጽፋሉ። ግን ማሽኑ ይህን ዘውግ እንዲህ አሳምሮ የሚጽፈው ለምን ይመስላችኋል? ዘውጉ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊትም ማንም ሰው፣ የትም ሆኖ፣ ምንም ሳያይ ሊጽፈው የሚችል ስለነበር ነው። ከዚያ በፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ያለ ፍላሽ ውስጥ ይገኝ ነበር፤ ከዚያ ወደ ቴሌግራም ተዛወረ። ማሽኑ ዋጋውን ብቻ ነው የቀነሰው። በዚያ ላይ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ 50 ከመቶ ያላመጣ አይመረቅም። ተማሪ ጊዜውን የት ማዋል እንዳለበት ሲያሰላ የማይነበበውን ዶክመንት ቢያስከትለው አልፈርድበትም።

በአድቫይዘሮች ላይም መፍረድ ቀላል ነው። አንድ መምህር በአንድ ሴሚስተር ስንት ቡድን ተሸክሞ፣ ከማስተማሩ ጋር፣ ከራሱ ትምህርት ጋር፣ ሁሉንም ቃል በቃል ሊያነብ አይችልም። ስለዚህ ሊያየው የሚችለውን ያያል፦ ፎንቱ ታይምስ ኒው ሮማን 12፣ የመስመር ርቀቱ 1.5፣ የሥዕሎቹ ዝርዝር ከማውጫው ቀጥሎ። ቅርጽ ከወንበር ሳይነሡ ይታረማል። እውነት ግን ሆስፒታል ድረስ መሄድ ይጠይቃል። ቅርጹ ያለ ጥቅም አይደለም ደግሞ፤ ከዚያ በፊት ከሁለት ገጽ በላይ ጽፎ የማያውቅ ልጅ መቶ ገጽ አዋቅሮ እንዲጨርስ ያደርገዋል። ይቅር አልልም።

‹‹የተማሪ ወረቀት ነው፣ ምን አስጨነቀህ?›› የሚለኝ አይጠፋም። የሚያስጨንቀኝ ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ያው ሰው መሆኑ ነው። ባንክ ሄዳችሁ ‹‹ሲስተም የለም›› ተብላችሁ ታውቃላችሁ፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ዛሬ በየመስኮቱ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚሰማ ሆኗል። ኮምፒዩተር በገባበት ቢሮ ጸሐፊዋ ከኪቦርዱ ሥር ትልቁን መዝገብ አሁንም አስቀምጣለች፤ መጀመሪያ እሱ ላይ ትጽፋለች፣ ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ ላይ። ሥራዋ በእጥፍ ጨመረ። ይህን ሲስተም የሠሩት ሰዎች ‹‹ነባሩ አሠራር››ን በአምስት ነጥብ ገድለው ያለፉ ናቸው፤ መዝገቡ ውስጥ ምን እንዳለ ሳያነቡ የከሰሱ። የጽሑፍ ልማድ የማየት ልማድ ይሆናል። የችግር መግለጫውን ከሲኒየር ዶክመንት የሚገለብጥ እጅ፣ ነገ ደንበኛ ፊት ተቀምጦ ‹‹ችግራችሁ ምንድን ነው?›› ሲል መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል።

የሚያስደስተው፣ በዚያው ቅርጽ ውስጥ ሆኖ ጥሩ መጻፍ እንደሚቻል አይቻለሁ። አንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ቡድን የጻፈው ነው፤ ርዕሱ እንደ ሁሉም ነው፣ ‹‹የታካሚ ካርድ አያያዝ ሲስተም››። ምዕራፍ አንድም እንደ ሁሉም ነው፣ ቴክኖሎጂ እየረቀቀ ነው። ነባሩን አሠራር የሚገልጸው ምዕራፍ ላይ ግን ነገሩ ተለወጠብኝ። ልጆቹ ካርድ ክፍል ተቀምጠው ካርድ በጠፋ ቁጥር ለምን እንደጠፋ መዝግበዋል። ሠንጠረዡ በእጅ ከተያዘ ማስታወሻ የተገለበጠ መሆኑ ያስታውቃል፤ እንግሊዝኛው ይሰብራል፣ መሀሉ ላይ አማርኛ ቃላት በአማርኛ ፊደል ቀርተዋል። ‹‹ስሙ በሐ ተጽፎ ነበር።›› ‹‹ልጁን ያስመዘገበችው አያቱ ናት፣ በራሷ አጠራር።›› ‹‹ታካሚዋ ስሟን ደብቃለች።›› እዚህ ላይ ዝም ብለው አልፈዋል፤ ምክንያቱን አልጻፉም፤ ጥሩ አደረጉ። ፍለጋው ድምፀ ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ እንዲያይ ኮድ ጽፈዋል፣ ስምንም በሦስት ሳጥን አስገብተዋል፣ ለምን እንዳስገቡም ግማሽ ገጽ ተከራክረዋል።

ከዚያ ግን ሠንጠረዡ ራሳቸውን ይቃረናቸዋል። ጠፋ ከተባለው ካርድ አብዛኛው በስም ምክንያት አልጠፋም። ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ታካሚው ታይቶ ወጥቷል፣ ካርዱን የሚመልስ ተላላኪ የለም፣ ካርዱ እዚያው ተከምሯል። ፍለጋን የቱንም ያህል ብታፈጥኑት መደርደሪያ ላይ የሌለን ካርድ አያገኝም። ልጆቹ ይህን አልደበቁትም። የሠሩት ሲስተም ከችግሩ ትንሹን ክፍል ብቻ እንደሚፈታ በግልጽ ጽፈው፣ የትኛውን ክፍል እንደሆነም ለይተዋል። ዲፌንስ ላይ ቆሞ ይህን ማለት ምን ዓይነት ድፍረት እንደሚጠይቅ ያለፈበት ያውቀዋል፤ ፈታኞች ፊት ጀግናውን ማቁሰል ነው።

ምስጋናው ገጽ ላይ፣ ከፈጣሪና ከአድቫይዘራቸው ቀጥሎ፣ ከወላጆቻቸው በፊት፣ የካርድ ክፍሏን ሠራተኛ ስም ከነ‹‹ወይዘሮ››ው ጽፈዋል። ‹‹የማሻሻያ ሐሳቦች›› በሚለው ክፍል ላይ ደግሞ ሌሎች ዶክመንቶች ‹‹ወደፊት ሲስተሙ የሞባይል መተግበሪያ ቢኖረው›› የሚሉበት ቦታ አለ። እነሱ በቁጥር አንድ ያስቀመጡት በየሐኪሙ ክፍል በር አጠገብ የካርድ መመለሻ የእንጨት ሳጥን እንዲሠራ ነው። ሰፈሩ ያለ አናጺ የተናገረውን ዋጋ ጠይቀው ከጎኑ ጽፈውታል።